ከጎጃም እግር ወደ ፎገራ ክንድ

በጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና ጊዜ የብብት ዕጢዎች አብረው ከወጡ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በዚያው ወገን ያለው ክንድ ሊያብጥ ይችላል። ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ መውረጃውን አጥቶ ከቆዳ ሥር ይጠራቀማል፤ ቀለበት አልወጣ ይላል፣ እጅጌ ይጠባል፣ ቆዳው እየደደረ ይሄዳል። ወረታ ወይም ፎገራ ሜዳ ላይ ለምትኖር ሴት የዚህ ክንድ እንክብካቤ የሩቅ ከተማ ሆስፒታል ጉዳይ ሊመስላት ይችላል። የአገራችን የሕክምና ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ያበጠ አካልን ቤት ውስጥ መንከባከብን ገጠራችን በእግር ላይ ተምሮታል፣ ትምህርቱም ለክንድ ይተርፋል።

ሁለቱን እብጠቶች ማዛመድ የቆየ ሐሳብ ነው። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ የጡት ካንሰር ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስተድ እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ክንድ እብጠት ሲጽፍ ከቀዶ ጥገና የመጣ ዝሆኔ አድርጎ ቆጠረው፤ ከጀርባውም ኢንፌክሽን እንዳለ ጠረጠረ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረጋቸው ጥናቶች፣ የደጋውን ገበሬ እግር የሚያሳብጠው ትንኝ የምታስተላልፈው ትል ሳይሆን በባዶ እግር የሚረገጠው ቀይ አፈር መሆኑን አስረዳ። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ እንኳ ሕመምተኛው ለረጅም ጊዜ የተተወ ሰው ነበር፤ ይህ ያሳዝናል፣ መድኃኒቱ እጁ ላይ ነበርና። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህን አረጋገጠ። እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ጫማ ማድረግ፤ ይኸው ነው። ይህን ያደረጉት ሰዎች እግራቸው እየቀላና እያተኮሰ የሚጥላቸው ጊዜ ካላደረጉት አነሰ።

ፎገራ ዋልካ እንጂ ቀይ አፈር አይደለም፣ የካንሰር ክንድም ከአፈር አልመጣም የሚል ይኖራል። መነሻቸው በእርግጥ ይለያያል። ፈሳሹ አንዴ ከተጠራቀመ በኋላ ግን መንገዳቸው አንድ ነው፤ በትንሽ ስንጥቅ ባክቴሪያ ይገባል፣ እያንዳንዱ ኢንፌክሽንም የቀሩትን የሊምፍ መስመሮች ይበልጥ ይጎዳል። ሌላው ተቃውሞ «ክንዷን ታሳርፍ» የሚለው የቆየ ምክር ነው። ሩዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከገባ ወዲህ የፎገራ ሴት ክረምቱን ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብላ በእጇ ታርማለች፣ ሲደርስም በማጭድ ታጭዳለች፤ ምጣዱና ጀሪካኑም አሉ። ይህን ሁሉ ተዪ ማለት አትኑሪ እንደማለት ነው። ደግሞም ምክሩ ማስረጃ አጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶች ተካፍለው፣ በባለሙያ እየተመሩ ቀስ በቀስ ክብደት ያነሱት እብጠታቸው አልባሰም። ስለዚህ ከአረም ስትመለስ ጭቃውን በንጹህ ውሃና በሳሙና ታጥባ፣ አድርቃ፣ ቫዝሊን ብትቀባ፣ የማጭድ ጭረትና የምጣድ ቃጠሎም ቢኖር ሳይውል ሳያድር ብታክም፣ ሥራዋን ከነክንዷ ትጠብቃለች። ክንዷ ቀልቶ ትኩሳት ከያዛት ግን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ አለባት።

እጥበቱ ሁሉንም አይፈታም። ያበጠውን ክንድ የሚያሳንሰው በዋናነት ጫና ነው፤ ፋሻው ጣቶች ላይ ጠበቅ ብሎ ወደ ብብት እየላላ መጠቅለል ስላለበት ባለሙያ ሊያሳያት ይገባል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ አዲስ ያበጠ ክንድ በሐኪም መታየት አለበት፤ አንዳንዴ ካንሰሩ ብብት ውስጥ ሲመለስ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምልክት ይኸው እብጠት ነው።