የ«ፀሐይ» ክንፍና ያልተሰላው ንዝረት

አዲስ አበባ ውስጥ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም ሲወጡ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ የሚለው በዳገቱ ብቻ አይደለም፤ አየሩም ስስ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ለእግረኛ ድካም ነው። አውሮፕላን ግን ክንፉን የሚደግፍለት አየር ስለሚጎድልበት ለመነሣት የበለጠ መፍጠን አለበት።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ «ንስረ ተፈሪ» የተባለችውን ፖቴዝ 25 ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ የጠበቀው ይኸው የደጋ አየር ነበር። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው አብራሪ ሉድቪግ ዌበር እዚሁ ከተማ ውስጥ ባለ ሁለት መቀመጫዋን «ፀሐይ»ን ሠራ። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ስሟ የልዕልት ፀሐይ ነው። የጣሊያን ወረራ ደርሶ ወራሪዎቹ ወሰዷት።

«ፀሐይ» በተሠራችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የኖርዌይ ተወላጁ ቴዎዶር ቴዎዶርሰን አሜሪካ ውስጥ ስለ ክንፍ ንዝረት አንድ ጥናት አሳተመ። ክንፍ በነፋስ ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ ሲጠማዘዝ፣ ሁለቱ እንቅስቃሴዎች ከተገጣጠሙ፣ ጉልበት የሚያገኘው ከነፋሱ ከራሱ ነው። ከተወሰነ ፍጥነት በኋላ ንዝረቱ እየተፋፋመ ክንፉን ይሰብረዋል። የቴዎዶርሰን ቀመር ግን የአየሩን ዝልግልግነት ወደ ጎን የተወ ነው። እውነተኛው አየር ክንፉን ይልሳል፣ ይለቃል፣ ከኋላው አዙሪት ይጥላል።

እንዲህ ያለውን የአየር ፍሰት በቁጥር ማስላት ምን ያህል አድካሚ እንደነበር ጃፓናዊው ሚቱቶሲ ካዋጉቲ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ሥራው በአንድ ድቡልቡል ዘንግ ዙሪያ የሚያልፈውን ፍሰት በእጅ በሚሠራ የሒሳብ መኪና ሲያሰላ፣ በሳምንት 20 ሰዓት እየሠራ አንድ ዓመት ተኩል ፈጅቶበታል። ዘንጉ ደግሞ ንቅንቅ አይልም! የሚነዝር ክንፍ ቢሆን ዕድሜውም አይበቃው ነበር።

ዛሬ በክንፉ ዙሪያ ያለው አየር በኮምፒውተር ላይ በሺዎች ለሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ይሸነሸናል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የአየሩን ፍሰት የሚገልጹት የናቪየር-ስቶክስ እኩልታዎች ይፈታሉ። ክንፉ ሲነቃነቅ የክፍሎቹ መረብም አብሮት ይሳባል። አየሩ ክንፉን ይገፋል፤ የተገፋው ክንፍ መልሶ አየሩን ይለውጠዋል፤ ስሌቱም በየቅጽበቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ለቀላል ክንፍ ላፕቶፕና እንደ ኦፕንፎም ያለ ነጻ ሶፍትዌር ይበቃል። ጉዳዩ የአብራሪዎች ብቻም አይደለም፤ በአዳማ ቁጥር ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያ የቆሙት 102 ተርባይኖችም ክንፋቸው በነፋስ ይነዝራል።

«ፀሐይ»ን ኢትዮጵያ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን መልሳ ተረክባለች። ስለ ታሪኳ ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ክንፏ ግን ብዙም ሲወራ አልሰማንም። የኤሮስፔስና የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎቻችን ሜትር ይዘው ክንፏን ይለኩት፤ በአዲስ አበባ አየርም በስንት ፍጥነት መንዘር እንደሚጀምር አስልተው ያሳውቁን።