ልባጠ ዕፅ

በደቡብ ምዕራብ ኢየሩሳሌም፣ በቃታሞኒም ሠፈር፣ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመጤዎች በተሠሩት ሕንፃዎች ሥር ባለው ጠባብ የአትክልት ቦታ ዳስ ወይም የዕቃ ቤት ሊያቆም የተነሣ ወገናችን፣ ከእንጨት ነጋዴው ዘንድ «ሒፑይ» የሚል የዕብራይስጥ ቃል ይሰማል፤ የአዲስ አበባው ባለሙያ ይህንኑ «ክላዲንግ» ይለዋል። ይኸውም የቤቱን ክብደት የማይሸከም፣ ነገር ግን ፀሐይንና ዝናብን ከተሸካሚው አካል ላይ የሚመክት የውጭ ገጽ ማለት ነው።

እኔ ለዚህ «ልባጥ» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ከእንጨት ሲሆንም «ልባጠ ዕፅ» ልንለው እንችላለን። «ሽፋን» እጅግ የሰፋ ቃል ነው፤ «ለበጠ» ግን ታቦቱ ከግራር እንጨት ተሠርቶ በወርቅ የተለበጠበት፣ ሰሎሞንም የቤተ መቅደሱን ግንብ ውስጡን በዝግባ ሳንቃ የለበጠበት የመጽሐፍ ግሥ ነው። «የለበጣ ሳቅ» ስንል የለመድነው የማስመሰል ፍች እንዳይጫነው «ለበጣ» ሳይሆን «ልባጥ» ማለት ይበቃል። «ዕፅ»ም ለዚህች ከተማ ባዕድ አይደለም፤ የዕብራይስጡ «ዔጽ» ወንድሙ ነው። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ባለችበት በኢትዮጵያ ጎዳና ይኖር የነበረው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳም ለቋንቋው አዳዲስ ቃላት ሲያበጅ ወደ ጥንታዊው ሥር ይመለስ ነበርና፣ እኛ ወደ ግእዛችን ብንመለስ ነውር የለበትም።

ኢየሩሳሌም ራሷ የልባጥ ከተማ ናት፤ እንግሊዛዊው ገዥ ሮናልድ ስቶርስ በ1918 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሕንፃዎች በአገሩ ድንጋይ እንዲሠሩ ካዘዘ ወዲህ፣ ዛሬ በአዳዲሶቹ ቤቶች ላይ የምናየው ድንጋይ አብዛኛው በስሚንቶው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስስ ገጽ ነው። እንጨት ግን እንደ ድንጋይ አይታገሥም። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ በማይጥልበት ጊዜ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፤ ክረምቱ ሲገባ በስንጥቁ ውኃ ይጠጣል። አንድ ጎረቤቴ ዳሱን ከለበጠበት ጣውላ የታችኛውን ጫፍ በአውራ ጣቴ ብጫነው እንደ እርጥብ ዳቦ ሰጠመልኝ፤ ከአፈር ጋር ተነካክቶ ነበርና።

በእንጨት ምርጫ ላይ ሰውን የሚያስተው ከሁሉ ይልቅ ስም ነው። በመጽሐፍ የሊባኖስ ዝግባ ሲወደስ የሰማ ሰው የአገራችንንም ዝግባ እንዲሁ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሁለቱ ዛፎች የቅርብ ዘመድ አይደሉም፣ የእኛው ዝግባ ለቤት ውስጥ ዕቃ ያማረ ቢሆንም በውጭ ለምስጥና ለብስባሴ ቶሎ ይሸነፋል። በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር የምናየው ጽድ ግን ቀዩ ልቡ ሁለቱንም ይቋቋማል። ልብ ማለቴ የግንዱን መካከለኛ ክፍል ነው፤ ዳር ያለው ነጩ ከየትኛውም ዛፍ ቢሆን ደካማ ነው። የአውሮጳ መለኪያ የእንጨትን ጽናት ከጽኑው 1 እስከ ደካማው 5 ሲመድብ ቲክን በ1 ያኖራል፤ የፓይን ነጩ ክፍል 5 ነው።

እንግዲህ ጣውላ ስትገዙ ከቀለሙ አስቀድማችሁ ጫፉን ተመልከቱ፤ ነጩ የበዛበትን ተዉት። ስትመቱትም በሞራሌ ላይ አድርጋችሁ ከኋላው አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉለት፣ በማይዝግ ምስማር ምቱት፣ የታችኛውንም ጫፍ ከአፈር አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉት።