የሳር ቤት–ላፍቶ–ፉሪ ኮሪደር
በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለመኪና ተብሎ የተዘረጋን ጎዳና ለእግረኛም ለማመቻቸት የተሠራ መስመር ነው። ከሳር ቤት ተነሥቶ በካርል አደባባይ፣ በአቦ ማዞሪያና በላፍቶ አድርጎ ወደ ፉሪ ይዘልቃል። በ2017 ዓ.ም. ከተጀመረው የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ሁለተኛ ምዕራፍ መስመሮች አንዱ ነው።

የሥራው ክብደት የሚገባው አካባቢውን ቀድሞ ለሚያውቅ ነው። በመንገዱ ዳር ያሉ ሱቆች ደጃፍ ለመኪና ማቆሚያነት ይውል ስለነበር፣ እግረኛው ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋ ይሄድ ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ነበር። በክፍለ ከተማው በሚያልፈው የቀለበት መንገድም፣ መሻገሪያ ድልድዩ ሲርቅበት የሲሚንቶ አጥሩን የሚዘል ሰው ዛሬም አይጠፋም።

አዲሱ አሠራር ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና የመንገድ መብራት አለው። ንጣፉ ላይ በዘንግ ለሚሄዱ ዓይነ ስውራን አቅጣጫ የሚያሳይ ሸንተረር ያለው ጡብ ተዘርግቷል፤ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ለማስፋፊያው የፈረሱ ቤቶችና ሱቆች ነበሩ፤ ደንበኛቸው እግረኛ የነበረ፣ በቆሎ ጠባሾችን የመሰሉ ነጋዴዎችም በተዋበው መንገድ ዳር ቦታ ሊኖራቸው ይገባል።