ጥሪን የሚያዞር ማን ነው? ከስልከኛው ዘመን እስከ ስማርት ስልክ

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መሆኑ የታወቀ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ተጀምሮ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ወደ ሰሜንም በ1890ዎቹ ዓ.ም. ጣሊያኖች እስከ አሥመራ የሚደርስ መስመር ዘረጉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን የሽቦውን ታሪክ ለመዘርዘር አይደለም። አንድ ጥሪ ወደ ማን እንደሚሄድና ከማን እንደሚከለከል የሚወስነው ማን ነው? ይህን ጥያቄ በአጭሩ መርምረን፥ መልሱ ዛሬ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያው ዘመን መልሱ ቀላል ነበር፤ የሚወስነው ስልከኛው ነው። ደዋዩ የስልኩን እጀታ አዙሮ ስልከኛውን ያገኛል፤ የሚፈልገውንም ሰው በስሙ ይጠይቃል። ስልከኛው ሁለቱን መስመሮች በእጁ ያገናኛል። ተፈላጊው በቤቱ ከሌለ ጥሪውን ወዳለበት ለማዞር ይችላል፤ ካልፈለገም «መስመሩ ተይዟል» ብሎ ለመመለስ ይችላል። እንግዲህ ዛሬ ጥሪ ማስተላለፍና ጥሪ ማገድ የምንላቸው ሁለት ነገሮች አዲስ አይደሉም፤ ቀድሞ በአንድ ሰው ፈቃድና ታማኝነት ሥር የነበሩ ናቸው። የስልክ ቤቱ መሣሪያ በቋንቋችን «ማዞሪያ» መባሉም ይህንኑ ሥራ በትክክል ይገልጣል።

ሥልጣኑ ከሰው እጅ የወጣበት ምክንያትም ከጥሪ መዞር ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካ አገር፥ በካንሳስ ሲቲ ከተማ፥ አልሞን ስትሮውጀር የሚባል የቀብር ሥራ ነጋዴ ነበረ። እንደሚተረከው ከሆነ፥ ስልከኞች የእሱን ደንበኞች ጥሪ ወደ ተወዳዳሪው ያዞሩበታል ብሎ ስለ ጠረጠረ፥ ያለ ስልከኛ የሚያገናኝ መሣሪያ ለመሥራት ተነሣ። በ1891 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው አውቶማቲክ ማዞሪያ ላ ፖርት በምትባል ከተማ ሥራ ጀመረ። በአውቶማቲክ ማዞሪያ ደዋዩ የሚጠቀመው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ መሣሪያ አያዳላም። ጉዳቱ ግን ያን ጊዜ በሚገባ አልታየም። ስልከኛው ሰውን በድምፁ ያውቅ ነበር፤ መሣሪያው የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የስልክ ሥራ በዘመናዊ መልክ የተደራጀው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. የዓለም ባንክ ለዚሁ ሥራ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በ1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በስማርት ስልክ ውስጥ «ጥሪ ማስተላለፍ» እና «ጥሪ ማገድ» የሚሉ ምርጫዎች ተቀምጠዋል። ስለዚህ የስልከኛው ሥልጣን በሙሉ ወደ ባለ ስልኩ ኪስ የገባ ይመስላል።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ የገባው ግማሹ ነው። በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሠፈር አለ፤ ምሳሌያችንን ከስሙ እንውሰድ። በቧንቧ መስመር ላይ ከቤት ውጭ ዋና መዝጊያ አለ፤ በግቢም ውስጥ የራስ ቧንቧ አለ። ጥሪ ማገድ፥ በስልኩ የእገዳ ዝርዝር ሲፈጸም፥ የግቢውን ቧንቧ ይመስላል። ዝርዝሩ ያለው በስልኩ ስለሆነ፥ ሲም ካርዱ ወደ ሌላ ስልክ ቢዛወር እገዳው አብሮት ላይሄድ ይችላል። ጥሪ ማስተላለፍ ግን የውጭውን መዝጊያ ይመስላል። ትእዛዙን የምንሰጠው ከስልካችን ቢሆንም፥ የሚቀመጠው በድርጅቱ ማዞሪያ ነው። ስለዚህ ስልኩ ቢጠፋ፥ ቢሰበር ወይም ቢቀየርም ትእዛዙ ይጸናል።

በዓለም አቀፉ የጂኤስኤም ደንብ ጥሪ በአራት ሁኔታዎች ሊተላለፍ ይችላል፤ ይኸውም ሁልጊዜ፥ መስመሩ ሲያዝ፥ ስልኩ ሳይነሣ ሲቀርና ስልኩ ሳይገኝ ሲቀር ነው። *#21# ሁልጊዜ የሚተላለፍ ትእዛዝ መኖሩን ይጠይቃል፤ ##002# ደግሞ ማናቸውንም የማስተላለፍ ትእዛዝ ይሰርዛል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ስትሮውጀር የፈራው ነገር በአዲስ መልክ ስለ ተመለሰ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች እንደታየው፥ አታላይ የድርጅት ሠራተኛ መስሎ ይደውላል፤ «ይህን ቁጥር ይጫኑ» ይላል። ቁጥሩ በ*21* የሚጀምር ከሆነ ጥሪው ሁሉ ወደ አታላዩ ይዞራል። የጽሑፍ መልእክት በዚህ መንገድ አይተላለፍም፤ በድምፅ የሚነገር የማረጋገጫ ቁጥር ግን ይተላለፋል። ባለ ስልኩ የሚያውቀው ስልኩ ዝም ማለቱን ብቻ ነው።

አታላይን ለመሸሽ ብዙ ሰው ወደ እገዳ ይሄዳል፤ አንድን የታወቀ ቁጥር ማገድም ተገቢ ነው። ነገር ግን በመዝገብ የሌለን ቁጥር ሁሉ ድምፅ የሚነሣ ምርጫ በወሎ ልዩ ጉዳት አለው። ከዚህ አገር ብዙ ወጣቶች፥ ይልቁንም ሴቶች፥ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገሮች ሄደዋል። የራስዋ ስልክ የሌላት ወይም የተወሰደባት ልጅ የምትደውለው ከተዋሰችው ስልክ ነው። ቁጥሩ በእናቷ ስልክ አልተመዘገበም። ስልከኛ ቢሆን ኖሮ «ልጅዎ ናት» ባለ ነበር፤ መሣሪያው ግን ከአታላዩ አይለያትም። እጅግ የምትቸገረዋ ደዋይ በመጀመሪያ የምትከለከል ትሆናለች ማለት ነው።

የማስተላለፍ ጥቅምም በዚሁ አካባቢ በግልጽ ይታያል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ ከተሞቹ በመንግሥት እጅ ተመልሰው የገቡት በኅዳር 27 ቀን ነው። በእነዚያ ሳምንታት የስልክ ግንኙነት ተቋርጦ፥ ብዙ ነዋሪም ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ተሰዶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ዋናው ማዞሪያ እየሠራ የአካባቢው አንቴና ብቻ ከተዘጋ፥ ስልኩ «ያልተገኘ» ተብሎ ይቆጠራል። አስቀድሞ ለዚህ ሁኔታ የዘመድ ቁጥር የተሰጠ እንደሆነ፥ ከሩቅ የሚደውል ሰው በባዶ ከመመለስ ይልቅ ወሬ ከሚነግረው ዘመድ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ትእዛዙ ግን መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ሊሰጥ አይችልም። ለተላለፈውም ጥሪ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ያስተላለፈው ሰው ስለሆነ፥ ሒሳብ መኖሩን ማረጋገጥ ያሻል።

ከዚህ በላይ ከተገለጠው የምንረዳው፥ ስልከኛው ቢቀርም ሥራው አለመቅረቱን ነው። ሥራው በማዞሪያውና በባለ ስልኩ መካከል ተከፍሏል፤ የባለ ስልኩ ድርሻ ግን ካላወቀው ሌላ ሰው የሚሠራበት ይሆናል። ስለዚህ ከየቤቱ የተማረው ልጅ ለእናትና ለአባቱ ሦስት ነገር ቢያደርግ መልካም ነው። በስልካቸው የማስተላለፍ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩን ይጠይቅላቸው፤ ስልኩ ሳይገኝ ሲቀር የሚቀበል አንድ የታመነ ዘመድ ይመርጥላቸው፤ እገዳንም በቁጥር እንጂ በጅምላ እንዳያደርጉ ያስረዳቸው። ስልከኛው በማወቅ ይሠራው የነበረውን መሣሪያው ሊሠራው ስለማይችል፥ ማወቁ የቤተሰቡ ፈንታ ሆኗል።