የነፍስ ግድያ ክስና የጠበቃው ድርድር

በ1804 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ፍርድ ቤት አንድ የ20 ዓመት ገደማ ወጣት በአስገድዶ መድፈርና በነፍስ ግድያ ተከሶ ቀረበ፤ ክሱንም አመነ። ዳኞቹ ግን ቃሉን ተቀብለው ወዲያው አልፈረዱም። የማመን ግዴታ የሌለበት መሆኑን አስረድተው፣ አስቦበት እንዲመለስ ወደ እሥር ቤት ላኩት። ተመልሶ ያንኑ በደገመ ጊዜም የወኅኒ ጠባቂውንና ሌሎች ሹማምንትን አስምለው መረመሩ። አእምሮው የተስተካከለ መሆኑን፣ በተስፋ ወይም በማባበል ያሳመነው ሰው አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ነበር ቃሉ የተመዘገበው። ወጣቱም ተሰቀለ። ለእነዚያ ዳኞች፣ ለተከሳሽ የተሰጠ ተስፋ የእምነት ቃሉን የሚያበላሽ መርዝ ነበር።

ይህ አመለካከት የተለወጠው በአንድ ቀን አይደለም፤ ለለውጡም መንገድ የጠረገው ሕግ የወጣው ለሌላ ዓላማ ነው። በ1794 እ.ኤ.አ. ፔንሲልቬንያ ነፍስ ግድያን በሁለት ደረጃ ከፍሎ የሞትን ቅጣት ለአንደኛው ብቻ ወሰነ። ሌሎች ክፍላተ ሀገርም ተከተሉት፤ ሰሜን ካሮላይና በ1893። የሕግ አውጪዎቹ አሳብ ስቅላትን መቀነስ ነበር። ሆኖም ደረጃ ሲሠራ መውረጃም አብሮ ተሠራ፤ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ የሚነጋገሩበት ጉዳይ ተገኘ።

ድርድሩ በተግባር ምን እንደሚመስል የሄንሪ አልፎርድን ጉዳይ ያህል ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ የለም። አልፎርድ በሰሜን ካሮላይና በአንደኛ ደረጃ ነፍስ ግድያ የተከሰሰው ታኅሣሥ 2 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. ነው። ክሱን ክዶ በጁሪ ቢረታ፣ ጁሪው ዕድሜ ልክ እንዲሆንለት ካላሳሰበ በቀር ሞት ይጠብቀው ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ግን ቅጣቱ ከ2 እስከ 30 ዓመት ነው። ፍርድ ቤት የመደበለት ጠበቃ ዐቃቤ ሕጉ ያቀረበውን ብቻ አምኖ አልተቀመጠም። ደንበኛው ንጽሕናዬን ይመሰክሩልኛል ያላቸውን ሰዎች ከአንዱ በቀር ሁሉንም ጠየቀ። የሰጡት ቃል ግን ተከሳሹን የሚያነጻ ሳይሆን ይበልጥ የሚያስር ሆኖ ተገኘ። ዐቃቤ ሕጉ በሁለተኛ ደረጃ ቢያምን እቀበላለሁ አለ፤ ጠበቃውም እንዲያምን መከረው፣ ውሳኔውን ግን ለራሱ ተወለት።

ታኅሣሥ 10 ቀን፣ ማለት ክሱ በቀረበ በስምንተኛው ቀን፣ አልፎርድ በሁለተኛ ደረጃ አመነ። ወዲያውም አልገደልሁም፣ ያመንሁት በጋዝ እንዳልሞት ነው ሲል ለችሎቱ ተናገረ። ዳኛውም 30 ዓመት ፈረደበት፤ ለደረጃው የተወሰነውን የመጨረሻ ቅጣት መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ጠበቃው የደንበኛውን ነፍስ አተረፈ እንጂ ከዓመቱ አንዲትም አላስቀነሰም፤ የተደራደረው በክሱ ስም ላይ ነበርና፣ የዳኛው እጅ እስከ ጣሪያው ድረስ ክፍት ነበር። ስምንት ቀን ለእንዲህ ያለ ውሳኔ በቂ ነበር ለማለትም ያስቸግራል።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1968 እ.ኤ.አ. ቃሉ ከሞት ፍርሃት የመጣ ነው ብሎ ሻረው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ኅዳር 23 ቀን 1970 በ6 ለ3 ድምፅ መለሰው። የጥፋቱ ማስረጃ ጠንካራ እስከ ሆነና ተከሳሹ በጠበቃ ተመክሮ፣ አውቆ እስከ መረጠ ድረስ፣ ንጹሕ ነኝ ማለቱ ቃሉን አያፈርሰውም አለ። ዳኛ ብሬናንና ሁለት ባልደረቦቻቸው ተቃወሙ፤ የሞት ሥጋት ያስጨነቀው ሰው ፈቅዶ ተናገረ ማለት ለእነርሱ አልተዋጠላቸውም። የ1804ቱ ዳኞች ቢኖሩ ከእነዚህ ሦስቱ ጋር በቆሙ ነበር።

ፍርዱ ሸክሙን ወደ ጠበቃው አዛወረው፤ መጠኑም በ2012 እ.ኤ.አ. ይበልጥ ተገለጠ። በሚሺጋን ለመግደል አስቦ ተኩሷል የተባለ ሰው ከ51 እስከ 85 ወር የሚያስፈርድ ስምምነት ቀርቦለት ነበር። ጠበቃው፣ ተጎጂዋ የተመታችው ከወገብ በታች ስለሆነ የመግደል አሳብ አይረጋገጥም ብሎ አስተወው፤ በክርክር ከ185 እስከ 360 ወር ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በድርድር ጊዜ ብቁ ምክር ማግኘት የተከሳሹ ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው ሲል ወሰነ።

በኢትዮጵያም ደረጃው አልጠፋም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግድያን በአንቀጽ 522፣ 523 እና 524 ከፍሎ ነበር፤ ከሞት ወይም ከዕድሜ ልክ እስከ 5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እሥራት ያወርዳል። ይሁን እንጂ መውረጃው በዳኛው ፊት ነበር። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን መዝኖ ከተከሰሰበት በቀለለ ወንጀል እንዲፈርድ ፈቀደ እንጂ፣ ስለ ድርድር አንዳች አልተናገረም። ድርድር በመንግሥት ሰነድ የታወቀው በ2003 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ነው። የ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 134 ደግሞ አመነ የሚለው፣ የወንጀሉን ፍሬ ነገር ሁሉ አንድም ሳያስቀር የተቀበለውን ተከሳሽ ብቻ ነው፤ ካመነም በኋላ ፍርድ ቤቱ ማስረጃ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል። አልፎርድ በዚህ ሕግ ፊት ቆሞ ያንኑ ቢናገር ኖሮ፣ ቃሉ እንደ ክህደት ተመዝግቦ ክርክሩ በቀጠለ ነበር።