«እንዲህ ያለ ከብት የለም»፦ ከሃና እስከ ሶፍትዌር መዝገብ ቤት

በደቡብ ኦሞ፣ የሰላማጎ ወረዳ ማዕከል ሃና ናት። በዙሪያዋ ቦዲዎች፣ ወደ ደቡብ ወረድ ሲባል ሙርሲዎች፣ በደጋው በኩል ደግሞ ዲሜዎች ይኖራሉ። ስለ ኮምፒውተር የሚያወራ ጽሑፍ ከዚህ መጀመሩ ግር ሊያሰኝ ይችላል። ግን ዛሬ ብዙ የሶፍትዌር ሰዎች የሚታገሉትን ጥያቄ በአጭሩ የመለሱት የዚህ አካባቢ ከብት አርቢዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዴቪድ ተርተን የተባለ እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሙርሲዎች ዘንድ እየተመላለሰ ኖሯል። በሙርሲ ቋንቋ የቀለም ስሞች የከብት ቀለም ስሞች ናቸው። ሰውየው ቀለም የተቀቡ ካርዶችን እያሳየ «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀ። ከየትኛውም ከብት ጋር አልገጥም ያለ ቀለም ሲቀርብ ያገኘው መልስ «እንዲህ ያለ ከብት የለም» የሚል ነበር። ተርተን በ1980 እ.ኤ.አ. ላሳተመው ጥናት ርዕስ ያደረገው ይህንኑ መልስ ነው።

ላይ ላዩን ሲሰሙት ያስቃል። የአማራ ገበሬም ግን በሬውን ዳለቻ፣ ቡሬ፣ ቡላ፣ ቦቃ ብሎ ነው የሚለየው። ቦቃ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ነው እንጂ የቀለም ስም አይደለም። የከብት ስም የሚወጣው ለሥራ ነው፤ የጠፋን ለመፈለግ፣ ለመሸጥ፣ ለመመስከር። በዚያው በ1970ዎቹ ቦዲዎች ዘንድ የሠራው ጃፓናዊው ካትሱዮሺ ፉኩይ እንደመዘገበው፣ ቦዲዎች የከብትን ቀለምና ጥለት አንድ ላይ አድርገው በረቀቀ መንገድ ይለያሉ፤ ከየትኛው ወይፈንና ላም ምን ዓይነት ጥጃ እንደሚጠበቅም ያውቃሉ። የሰው ስም እንኳ ከከብት ቀለም ጋር ይያያዛል። የመለያው ዝርዝር የተወለደው ከኑሮው ነው።

ከሙርሲዎቹ መልስ ውስጥ ለዛሬ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። ካርዱን በግድ «ወደሚቀርበው» ከብት አልጎተቱትም። ዝርዝሩ እዚህ ላይ አይሠራም አሉ። ማሽን ይህን ለማለት ይቸግረዋል።

አሁን ወደ ቢሮ እንምጣ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ከመሥሪያ ቤቶቹ አንዱ ጽሕፈት ሚኒስቴር ነበር። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ቢሮ ከመዝገብ ቤት ተለይቶ አያውቅም። ደብዳቤ ይገባል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ኃላፊው ከዳር «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» ብሎ ይጽፍበታል። ባለጉዳይ የሆነ ሁሉ የዚህችን ዓረፍተ ነገር ኃይል ያውቃል። አቤቱታው «የመሬት» ተብሎ ከተመራ አንድ ዕጣ ይገጥመዋል፤ «የማኅበራዊ» ከተባለ ሌላ። ገና ማንም ሳያነበው ግማሽ ፍርዱ ተሰጥቷል።

የሶፍትዌር ዓለምም የራሱ መዝገብ ቤት አለው። ኢሹ ትራከር ይባላል። ተጠቃሚው «ይህ አልሠራ አለኝ» ወይም «ይህ ቢጨመር» ብሎ ይጽፋል፤ ጽሑፉ ቁጥር ይወጣለታል፤ መለያ ይለጠፍበታል፤ ለሚመለከተው ይመራል። ኢያን ጃክሰን ለዴቢያን ፕሮጀክት በ1994 እ.ኤ.አ. የሠራው መዝገብ በኢሜይል የሚሠራ ነበር። በ1998 ቴሪ ዌይስማን ለሞዚላ ባግዚላን ሠራ። በ2008 ሥራ የጀመረው ጊትሃብ ደግሞ ነገሩን ለማንኛውም ፕሮጀክት ቀላል አደረገው። ዛሬ ጊትሃብ ላይ አዲስ ፕሮጀክት የሚከፍት ሰው ጥቂት መለያዎች ተዘጋጅተው ይጠብቁታል፦ ስሕተት፣ ማሻሻያ፣ ጥያቄ፣ ድግግሞሽ፣ ልክ ያልሆነ፣ «አይስተካከልም»፣ ሌሎችም።

ዝርዝሩ ንጹሕ ይመስላል። ግን «ስሕተት» የተባለ ጉዳይ ዕዳ ነው፤ የሠራው ሰው መክፈል አለበት። «ማሻሻያ» የተባለ ጉዳይ ልመና ነው፤ ጊዜ ሲገኝ ይታያል። የተጻፈው ጽሑፍ አንድ ሆኖ ሳለ፣ በመለያው ብቻ አንዱ ዕዳ ሌላው ልመና ይሆናል።

ጽሑፉ ሲበዛ የሰው እጅ አልበቃ አለ። ይሄኔ ነው ማሽኑ የተጠራው። በ2004 እ.ኤ.አ. ዳቮር ቹብራኒችና ጌይል መርፊ 15,859 የኤክሊፕስ ፕሮጀክት ሪፖርቶችን ወስደው፣ ቃላቱን ብቻ እያየ ሪፖርቱን ለትክክለኛው ባለሙያ የሚመራ ፕሮግራም ሞከሩ። 30 በመቶውን አገኘ። ለመነሻ ክፉ አልነበረም። በ2019 ሞዚላ የሁለት ዐሥርት ዓመታት መዝገቡን አስተምሮ፣ አዲስ የሚገቡ የፋየርፎክስ ሪፖርቶችን ወደየክፍላቸው የሚመራ ማሽን ሥራ ላይ ማዋሉን አሳወቀ። ዛሬ የቋንቋ ሞዴሎች ይህን ሥራ በሰከንድ ይሠራሉ።

አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ማሽኑ ቀደም ሲል ሰዎች መለያ የሰጧቸውን ሺህ ጽሑፎች ያነባል። የትኛው ቃል ከየትኛው መለያ ጋር እንደሚመላለስ ይቆጥራል። አዲስ ጽሑፍ ሲመጣ ካለፉት ከየትኞቹ ጋር እንደሚመሳሰል ያይና የእነሱን መለያ ይሰጠዋል። በአጭሩ የድሮውን መዝገብ ቤት ሹም ልማድ ይደግማል።

ታዲያ የድሮው ሹም ልክ ነበር? በ2013 እ.ኤ.አ. ኪም ሄርትሲግ፣ ሳሻ ዩስትና አንድሬያስ ዜለር ከ7,000 በላይ ሪፖርቶችን ከአምስት የጃቫ ፕሮጀክቶች ሰብስበው አንድ በአንድ በዓይናቸው አነበቡ። «ስሕተት» ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ ሲሶ ያህሉ ስሕተት አልነበሩም። የማሻሻያ ጥያቄ ወይም የሰነድ ጉዳይ ነበሩ። ከዚህ መዝገብ የተማረ ማሽን መዝገቡ የተሳሳተበትን ሁሉ በትጋት ይሳሳታል። ልዩነቱ የሰው ስሕተት እንደየሰውና እንደየቀኑ ሲለያይ የማሽኑ አለመለያየቱ ነው። እንቅልፍ የለውም፤ ማንም አይጠራጠረውም።

በአማርኛ ደግሞ ሌላ መሰናክል ይጨመራል። ማሽን ጽሑፍን በፊደሉ ነው የሚያውቀው። «ስሕተት» እና «ስህተት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ፊደል ካልተስተካከለለት ማሽን ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። «አልከፈተም»፣ «አልከፍት አለኝ»፣ «ሊከፈትልኝ አልቻለም» ከአንድ ሥር ወጥተው ሦስት መልክ ይይዛሉ። በእንግሊዝኛ የተማረ ማሽን እነዚህን ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ይገምታል፤ መገመቱንም አይናገርም።

የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ይህን ችግር ቀድመው ነክተውታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ዜናን በራስ-ሰር መመደብ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ሆኗል። በ2021 ከ50,000 በላይ የአማርኛ ዜናዎችን በ6 ምድብ የከፈለ ስብስብ ለሁሉም ክፍት ሆኗል፦ የአገር ውስጥ፣ ስፖርት፣ ፖለቲካ፣ ዓለም አቀፍ፣ ቢዝነስ፣ መዝናኛ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ብዙ ወጣቶች በእሱ ተምረዋል። ግን ከሃና አካባቢ «ገንዲ ከብት ጨረሰ» የሚል ዜና ቢመጣ የት ይገባል? «የአገር ውስጥ» ውስጥ፣ ከጉባኤውና ከምርቃቱ ጋር። ማሽኑ አልተሳሳተም። የከብት በሽታ የሚባል ሳጥን አልተሰጠውም።

ይህ ሲሆን ቦታው ይገለበጣል። ካርድ ያዡ ዓለም ነው፤ «እንዲህ ያለ ከብት የለም» የሚባለው ደግሞ ለኢትዮጵያዊው ነው።

ምሳሌው ቅርብ ነው፤ ጳጉሜን። ብዙ ሶፍትዌር ዓመትን 12 ወር አድርጎ ይጀምራል። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለ13ኛ ወር «ኡንዴሲምበር» የሚል ስም አስቀምጧል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ራሱ ግን በጃቫ መደበኛ ጥቅል ውስጥ አልገባም፤ የሚፈልግ ሰው አይሲዩ ከሚባለው ሌላ ጥቅል ያመጣል። ስሙ አለ፤ ከብቱ የለም።

እንበልና በሃና ያለ አንድ የጤና ባለሙያ በሚሠራበት ሶፍትዌር መዝገብ ላይ «የጳጉሜን ሪፖርት አልቀበልም አለኝ» ብሎ ጻፈ። ለእሱ ስሕተት ነው፤ ጳጉሜን አዲስ ፈጠራ አይደለችም፤ በዚያች በ5 ወይም በ6 ቀን ውስጥም ሰው ይታመማል፤ ሕፃን ይወለዳል። ከባሕር ማዶ ላለው ሠሪ ግን ሶፍትዌሩ የታሰበለትን ሠርቷል፤ ስለዚህ «ማሻሻያ» ነው። ማሽኑ ከማን ተማረ? ከሠሪው። ስለዚህ ባለሙያው ገና «ላክ» የሚለውን ሲጫን ዕዳው ልመና ሆኖ ተመዝግቧል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ማንም አልወሰነም። ለዚህ ነው አስቸጋሪ የሚሆነው፤ «ማን መራው?» ተብሎ የሚጠየቅ ሹም የለም። ድሮ ቢያንስ ከዳር ፊርማ ነበረ።

ሙርሲዎች በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ 7,500 ገደማ ነበሩ። ማሽን በብዛት ነው የሚማረው። በብዛት በሚማር ዓለም ውስጥ ጥቂት ሰው የሚጽፈው ጉዳይ ሁልጊዜ ብዙ ሰው ወደጻፈው ይሳባል። የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው አንጻር ያለበት ቦታ፣ የሙርሲ ቋንቋ ከአማርኛው አንጻር ካለበት ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ማሽን የሚያማርር የአዲስ አበባ ባለሙያ፣ ነገ በአማርኛ የሚሠራ የአቤቱታ መለያ ሲሠራ የጂንካንና የሃናን ሰው በዚያው ሚዛን እንዳይመዝን ማሰብ አለበት።

መፍትሔው ማሽኑን ማባረር አይደለም። በቀን መቶ አቤቱታ የሚቀበል ሰው ያለ እርዳታ አይዘልቅም። የሞዚላ ሰዎች ያደረጉት ነገር ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል፦ ማሽኑ በራሱ ግምት እርግጠኛነቱ 60 በመቶ ካልሞላ አይፈርድም፤ ጉዳዩ ለሰው ይተዋል። ለዚህ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ነገር ይጨመር። ማሽን የለጠፈው መለያ ማሽን እንደለጠፈው ይታወቅ። የጻፈው ባለጉዳይ «አይደለም» ብሎ የሚያነሣበት መንገድ ይኑር። ያልታወቁት ጉዳዮች በየጊዜው ተሰብስበው ይነበቡ፤ አዲስ መለያ የሚወለደው ከእነሱ ነውና። «ሌላ» የሚለው ሣጥን የቆሻሻ መጣያ ከሆነ ዝርዝሩ መቼም አያድግም።

የከብት አርቢ ቤት አዲስ ጥለት ያለው ጥጃ ሲወለድ ስም ይፈለግለታል እንጂ ጥጃው ከበረት አይባረርም። ካርዱ ሲቀርብም «የለም» ይባላል እንጂ የሌለ ከብት አይፈጠርለትም። ሁለቱን የሚያውቅ መዝገብ ቤት፣ የሰውም ይሁን የማሽን፣ ባለጉዳዩን አያስለቅስም።