ከኮሶ ምሬት እስከ ሽሮፕ ጣፋጭነት፦ የሳልና የአክታ መድኃኒቶች ጉዳት ታሪክ



ሐሙሲት፣ ስሟ እንደሚያመለክተው፣ የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ስለምትገኝ የዙሪያው ገበሬ እህሉን ሸጦ፣ ለቤቱ የሚያስፈልገውን ሸምቶ ይመለስባታል። በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ይልቁንም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ፣ ብርዱና የማገዶው ጢስ ሳልን የዘወትር እንግዳ አድርገውታል። ስለዚህ ከሚሸመተው መካከል አክታ የሚያቀጥን ወይም ሳል የሚያስታግስ ሽሮፕ ይገኝበታል። ሽሮፑ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጡ ብዙዎቻችንን «እንግዲያው ጉዳት የለውም» ወደሚል ድምዳሜ ያደርሰናል። ታሪኩ ግን ሌላ ይላል፦ የሳል መድኃኒት ጉዳት የሚታወቀው ከሽያጩ ብዙ ዘግይቶ ነው፤ ከታወቀም በኋላ ገዢው ጆሮ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከአዋጆቻችን ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ከአገራችን ልምድ ልነሣ። ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ኮሶ በሕዝቡ ዘንድ የተለመደ የኮሶ ትል መድኃኒት ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ወደ አውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ገብቷል። ኮሶ የሳል መድኃኒት አይደለም፤ ያነሣሁት ስለ አወሳሰዱ ሥርዐት ነው። ጊዜ ተጠብቆለት፣ ተለክቶ፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል። የጠጣ ሰው ያን ዕለት ከቤቱ አይወጣም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለም እንግዳ አይቀየምም። ከመጠን ያለፈ ኮሶ የዓይን ነርቭን ሊጎዳ እንደሚችል የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች መዝግበዋል። ሕዝቡ የነርቩን ነገር ባያውቅም የመድኃኒቱን ኃይለኛነት ያውቅ ነበር፤ ምሬቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበርና። የሽሮፕ ጣፋጭነት ይህን ማስጠንቀቂያ አስቀርቶታል።

በ1898 የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ሄሮይንን ለገበያ ያቀረበው የሳል ማስታገሻ አድርጎ ነው። ሱስ አስያዥነቱ ገሃድ እስኪወጣና ኩባንያው ማምረቱን እስኪያቆም ከ10 ዓመት በላይ አልፏል። በ1937 ደግሞ በአሜሪካ ለጉሮሮ ሕመምና ለሌሎች ኢንፌክሽኖች የሚሰጥ ሰልፋኒላማይድ የተባለ መድኃኒት በፈሳሽ መልክ ተዘጋጀ። ማሟሟያው ዳይኢትሊን ግላይኮል የሚባል ጣፋጭ መርዝ ነበር። ከ100 በላይ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ። መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ ይረጋገጥ የሚል ሕግ በዚያን ጊዜ ስላልነበረ፣ በ1938 የወጣው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ሕግ የዚህ ሐዘን ልጅ ነው። ሆኖም ይኸው መርዝ በ2022 በጋምቢያ በሕፃናት የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥ ተገኘ፤ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናትም ሞቱ። ከ1937 እስከ 2022 የ85 ዓመት ርቀት አለ። ዕውቀቱ ነበረ፤ የጎደለው ዕውቀቱን ከፋብሪካ እስከ ሕፃኑ አፍ የሚያደርስ ቁጥጥር ነው።

እስካሁን ያነሣሁት የሌላ አገር ታሪክ ቢመስል፣ ቀጣዩ የእኛው ነው። ኮዴይን በብዙ አገሮች ለረጅም ዘመን በሳል ሽሮፕ ውስጥ ሲሸጥ ኖሯል። ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው፤ ኃይል የሚያገኘው ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 የተባለው የጉበት ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ተደራርቦ የሚገኝባቸው ሆኑ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። ዘረመሉ የተደራረበበት ሰው ኮዴይንን እጅግ ፈጥኖ ወደ ሞርፊን ይለውጣል፤ ለሌላው ልከኛ የሆነው መጠን በእርሱ ላይ እንቅልፍ ያበዛል፣ ትንፋሽንም ሊያቆም ይችላል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ለሳል እንዳይሰጥ የወሰነው በ2015፣ የአሜሪካው ተቆጣጣሪም የከለከለው በ2017 ነው። አደጋው በእኛ ደም ውስጥ እንዳለ ከታወቀ ወደ 20 ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

አክታ የሚያቀጥኑትም ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደሉም። ብሮምሄክሲን የተገኘው የሰንሰል ዘመድ በሆነ የሕንድ ቁጥቋጦ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር መነሻ በማድረግ ነው። በአጥራችን ዙሪያ የምናውቀው ተክል ዘመድ መሆኑ ግን ዋስትና አይሆንም፦ በ2015 የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ብርቅ ቢሆንም ብርቱ የአለርጂና የቆዳ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል በማስጠንቀቂያው እንዲጻፍ አድርገዋል። ጓያፌንሲን ማቅለሽለሽና ማስታወክ ያመጣል። በብዙ ቅይጥ ሽሮፖች ውስጥ ያለው ክሎርፌኒራሚን ያስተኛል፤ ለአሽከርካሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአፍንጫ መታፈንን የሚከፍተው ሱዶኤፌድሪን የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ፊኒልፕሮፓኖላሚን የተባለው የእርሱ ዘመድ ደግሞ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ጋር መያያዙ ስለታወቀ፣ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በ2000 ከገበያ እንዲወጣ ጠየቀ፤ ያ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ያለ ማዘዣ ሲሸጥ ከቆየ በኋላ ነው።

በአገራችንም ሕግ አልጠፋም። በ1964 ከወጣው ቁጥር 288 የፋርማሲ ደንብ ጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 176/1991፣ በአዋጅ ቁጥር 661/2002 እና በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመድኃኒት ቁጥጥር ደረጃ በደረጃ ተደራጅቷል። ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብርና የገጠር መድኃኒት መደብርም እንደየባለሙያቸው ደረጃ ተለይተዋል። ነገር ግን የሕጉ የመጨረሻ አንቀጽ የሚፈጸመው በመሸጫው ባንኮኒ ላይ ነው። በብልቃጡ ላይ ያለው ጽሑፍ በአብዛኛው የውጭ ቋንቋ ነው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ማንኪያው ከተሳሳተ ሕፃኑ የታዘዘለትን ሦስት እጥፍ ይጠጣል።

ውድ ተማሪዎች፣ በተለይም ነገ ከባንኮኒው ጀርባ የምትቆሙ፤ ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ግዴታ ግልጽ ነው። የሕፃኑን ዕድሜ ሳትጠይቁ፣ ማንኪያውን ሳታሳዩ ሽሮፕ አትስጡ። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት መኖሩን፣ የደም ግፊትም እንዳለበት ጠይቁ። ሳሉ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ ሽሮፑ ሳሉን ሲያደበዝዝ በሽታው ሊሰነብት ይችላልና። አያቶቻችንን ከኮሶ ያስጠነቀቃቸው ምላሳቸው ነበር። ሽሮፕ የሚገዛውን ሰው ምላሱ አያስጠነቅቀውም፤ በዚያ ቦታ የሚተካው የእናንተ ቃል ነው።